ልብ በዳይስ ይገዛልን?

ፍቅርና ማባበል በምናብ ጨዋታ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ክርክር ለብዙ አንባቢ የልጆች ወሬ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። የማነሣው ጨዋታ የዳማና የካርታ ዘመድ ሳይሆን የተረት ዘመድ ነውና። አራት አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ በምናብ የተፈጠረውን አገር፣ ንጉሡን፣ ዘንዶውንና የጠጅ ቤቷን እመቤት ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አልኩ፣ እንዲህ አደረግሁ» ይላሉ። ውጤቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ እንደ ሉዶ ዳይስ ይጣላል፤ ዳይሱ ግን ሃያ ገጽ ያለው ነው። የዚህ ወገን በኩር አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ከጦርነት ጨዋታ የተወለደ በመሆኑ ሰይፍ ስለ መምዘዝ ብዙ ሕግ አለው። ስለ መውደድ ግን ዝምተኛ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ ነውን? እቃቃ የተጫወተ ሁሉ ገጸ ባሕርይ ይዞ ተጫውቷል፤ ያውም የመጀመሪያው ድርሰቱ ባልና ሚስት መሆን ነበር። እንቆቅልሽም አገር የሚሰጥበት ጨዋታ ነው። መልሱን ያጣው ወገን የሌለውን አገር ይሰጣል፣ ተቀባዩም ያልጣመውን «አልፈልግም» ብሎ ሌላ ያስመጣል። በጥምቀት ወደ ልጃገረዲቱ ደረት የሚወረወረው ሎሚም ማባበል መሆኑ የታወቀ ነው። ሎሚውን ማንሣት ወይም ትቶ ማለፍ ግን የእርሷ ፈንታ ነው።

ከዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለችው ወላይታ ሶዶ ብንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በመስቀል ሰሞን የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር ወጣቶች «ሀያያ ሌኬ» እያሉ ይጨፍራሉ። የወላይታ ጭፈራ ወገብ የሚናገርበት ጭፈራ ነው፤ ማባበል የለበትም የሚል ቢኖር አላየውም ማለት ነው። ሆኖም ሁሉም ነገር በሰው ፊት፣ በክቡ መካከል፣ በዜማው ልክ ይሆናል። የገባ ይወጣል፤ የቀረበው ፊት ቢነሳው ዜማው ይቀጥላል እንጂ ጨዋታው አይፈርስም። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የምወስደው መለኪያ አንድ ነው፤ ማባበል ጨዋታ የሚሆነው እምቢታ በውስጡ ቦታ ሲኖረው ነው።

በዚህ መለኪያ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሲመዘን ይቀላል። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም የማሳመን ችሎታው ዘጠኝ የደረሰ ገጸ ባሕርይ ክብደቱ 20 የተባለን ነገር ሲሞክር፣ ዳይሱ 11 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ይሳካለታል። ከሃያው ዕድል አሥሩ የእርሱ ነው ማለት ነው። የከተማ ዘበኛን አታልሎ በር ለማስከፈት ይህ ስሌት ይበቃል። ግን እመቤቲቱ ለምን ወደደችው? ምን ፈርታ፣ ምን አስታውሳ፣ ማንን ትታ? ስሌቱ መልስ የለውም። ይባስ ብሎ ብዙ ተጫዋቾች 20 የወጣለት ሁሉ ይሳካለታል ብለው ያምናሉ። መጽሐፉ ይህን ለጥቃት ምት የሰጠው ሲሆን ለማሳመን አልሰጠውም። የሰይፍን ሕግ ለልብ ያዋሰው የጠረጴዛ ልማድ ነው።

በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሰውን በአስማት ወዳጅ የማድረጊያ ድግምትም አለ። አገራችን ስሙን ታውቀዋለች፤ መስተፋቅር ነው። አያቶቻችን መስተፋቅር አይሠራም አላሉም፤ የሚሉት በመስተፋቅር የመጣ ፍቅር የተሰረቀ ነው። የሚገርመው የ2014ቱ እትምም ከዚሁ ሐሳብ መድረሱ ነው። ድግምቱ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲያልቅ የተደገመበት ሰው ማን እንደደገመበት ያውቃል ይላል። ለእኔ ከመላው መጽሐፍ ለፍቅር ታሪክ የሚበጀው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ታሪክ የሚጀምረው ተታላዩ ሲነቃ ነውና።

ሌሎች ደራስያን የተሻለ መንገድ ፈልገዋል። ግሬግ ስታፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት የንጉሥ አርተር ባላባቶች ጨዋታ፣ በ«ፔንድራጎን»፣ ፍቅር ቁጥር ተሰጥቶት በራሱ በአፍቃሪው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ባላባቱ በጭንቅ ሰዓት በፍቅሩ ስም ዳይስ ይጥላል። ቢሳካ ብርታት ይሆነዋል፤ ባይሳካ ሐዘን ወይም እብደት ሊወርድበት ይችላል። ዳይሱ የሚፈርደው በአፍቃሪው ላይ ነው፤ የተፈቃሪዋን ልብ አይነካም። ይህን ሳነብ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትዝ አለኝ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን በአንድ ብልጥ ቃል አልማረካትም። በትምህርት ገበታ ላይ ቀን በቀን የተጠራቀመ ፍቅር ነው፤ በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ፊት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እያወቁ የገቡበት። ታሪኩን የሚሸከመው ዋጋው ነው። ስታፎርድም ይህን ተረድተዋል።

ኤሚሊ ኬር ቦስ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሬኪንግ ዘ አይስ» በተባለው ሥራቸው ዘንዶውንም ጦሩንም አስወጥተው ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ አስቀሩ። ጨዋታው የአንድ ጥንድ ሦስት የመጀመሪያ ቀጠሮዎች ነው። የኤቨሪ አልደር «ሞንስተርሃርትስ» (እ.ኤ.አ. 2012) ደግሞ ወጣት ጭራቆችን ትምህርት ቤት ያስገባና አንዱ በሌላው ላይ ያለውን ኀይል «ክር» ይለዋል። ክሩን የያዘ ይጎትታል። የወጣትነት ፍቅር ፍርሃትና ሥልጣን የተቀላቀለበት መሆኑን በአንዲት ቃል መግለጹ ያስደንቃል። ድክመቱም እዚያው ነው፤ ሁሉ ሰው ክር ጎታች ሲሆን ደግነት ቦታ ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን «ባልደርስ ጌት 3» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ጠቅሶ «እዚያ ፍቅር ሰምሮ የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ሰምሯል። ነገር ግን እዚያ የሚባበለው ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ አያፍርም፣ ነገ በመንገድ አያገኝህም። በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ግን ሰው ናት።

ዋናው ጭንቀቴ ይህ ነው። ይህን ጨዋታ በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ አድርገን እናስበው። አንዱ የሶዶ ልጅ፣ በቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን ያደገ፤ ሌላው ከጎንደር፣ ሦስተኛው ከሐረር፤ ከአራቱ ወንዶች መካከል ደግሞ አንዲት ሴት። የጨዋታው መሪ የጠጅ ቤት ባላባት ሆኖ የእርሷን ገጸ ባሕርይ ማሽኮርመም ጀመረ። «እኔ አይደለሁም፣ ባላባቱ ነው» ይላል። ሰምና ወርቅ ባስተማረን አገር ይህ ማመካኛ ማንን ያታልላል? የአፍ ቃል የባላባቱ ሊሆን ይችላል፤ ወርቁ የማን እንደሆነ ልጅቷ ትጠረጥራለች፣ ባትጠረጥርም ጓደኞቿ ይጠረጥሩላታል።

ፈረንጆቹ ለዚህ መላ አበጅተዋል። ጆን ስታቭሮፖሎስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረቡት የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል፤ ያልተመቸው ሰው ሲነካው ትዕይንቱ ያለ ምንም ጥያቄ ይታለፋል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን ካርዱን ለመንካት በሰው ፊት እጅ መዘርጋት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ጨዋታ አፈረሰች ላለመባል ልጅቷ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋም እሺታ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በእኛ አገር ካርዱ ብቻውን አይበቃም። መሪው ጨዋታው ሳይጀመር እያንዳንዱን ለብቻው «ፍቅር ቢገባበት ምን ይመስልሃል? ምን ይመስልሻል? የቱ ጋ እንቁም?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ዝምታንም እምቢታ ብሎ መውሰድ ይገባዋል።

ይህን የምለው ፍቅር ከጨዋታው ይውጣ ለማለት አይደለም። ለዘንዶ መግደያ አሥር ገጽ ሕግ ያለው፣ ለመውደድ ግን አንድ ቃል የሌለው ዓለም በእኔ እምነት የሰው ዓለም አይመስልም፤ ጀግናውም የሚመለስበት ቤት የሌለው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይቀራል። ፍቅር ይግባ። ዳይሱ አፍቃሪው ምን ያህል እንደሚነድና ምን እንደሚከፍል ይናገር። «እሺ» እና «እምቢ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ግን ዳይስ አይንካቸው፤ የሚናገራቸው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ይሁን።