የተገዛ ማልያ፣ የተሰፋ ባነር

የክለብ ማልያ ዛሬ እንደ ማንኛውም ልብስ ነው። ገበያ ትወጡበታላችሁ፣ ትተኙበታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የመዘምራን ልምምድ ትገቡበታላችሁ። በዚህ ላይ ጣት ለመቀሰር አልተነሣሁም። ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሰው ደጋፊ የሚሆነው በምንድን ነው? በገዛው ነገር ነው ወይስ በሠራው? ይህን ለመመርመር አሜሪካ ጥሩ ምሳሌ ናት። በብዙ አገር ልጅ የአባቱን ክለብ ይወርሳል። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙው ደጋፊ አባቱ ቤዝቦል ወይም የአሜሪካ ፉትቦል ሲከታተል እያየ ያደገ ነው። ስለዚህ እግር ኳስን ራሱ መምረጥ፣ ዜማውንም ባነሩንም ራሱ መፈለግ ነበረበት።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምትሰሙት እንዲህ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1994 የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ ተካሄደ፤ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ስታዲየም ገባ። በ1996 ሜጀር ሊግ ሶከር ተጀመረ። በ2007 ዴቪድ ቤካም ሎስ አንጀለስ ጋላክሲን ተቀላቀለ። በ2023 ሊዮኔል ሜሲ ኢንተር ማያሚ ገባ፤ የክለቡ ሮዝ ማልያም ዓለምን አዳረሰ። በዚህ አተራረክ የደጋፊውን ባህል ያሳደጉት ውድድሩን ያመጡትና ኮከቡን ያስፈረሙት ሰዎች ናቸው። ደጋፊው መጨረሻ ላይ ቲኬቱን ይዞ ይመጣል። ይህ ታሪክ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው።

የጎደለው ስደተኛው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በማሳቹሴትስ ፎል ሪቨር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ዙሪያ፣ በፔንስልቬንያ ቤተልሔም ደግሞ በብረት ፋብሪካው ዙሪያ ኳሱ ሕይወት ያገኘው ከባሕር ማዶ በመጡ ሠራተኞች ነው። በ1950 የዓለም ዋንጫ አሜሪካ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን ስታስደንቅ ጎሏን ያስቆጠረው ጆ ጌትጄንስ የሄይቲ ልጅ ነበር።

በተለይ 1984ን ልብ በሉ። ፔሌን ሳይቀር አስመጥቶ የነበረው የሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ የመጨረሻ የውድድር ዘመኑን የተጫወተው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ፈረሰ። በዚያው ዓመት በየከተማው ተበትነው የነበሩ ኢትዮጵያውያን የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካን መሠረቱ። ባለሀብቱ ኳሱን ጥሎ ሲወጣ የእኛ ስደተኞች ይዘውት ገቡ ማለት ነው። ውድድሩ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ይካሄዳል። ሜዳው ዙሪያ ምግብ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ለዓመታት የተጠፋፉ አብሮ አደጎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ይታያሉ። ዋንጫውን ማን እንደ ወሰደ የረሳ ሰው እንኳ ማንን እንዳገኘ አይረሳም። ዛሬ “የእግር ኳስ የአኗኗር ዘይቤ” ተብሎ የሚሸጠው ነገር ዋጋ ሳይለጠፍበት በፊት እንዲህ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ሊግ እንመለስ። ሊጉ ሲጀመር ጨዋታውን ለአሜሪካዊ ጣዕም ሊያመቻቸው ሞከረ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር። ጨዋታው አቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጫዋች ከ35 ያርድ ርቀት ኳስ እየገፋ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ይገናኝ ነበር። ከ1999 በኋላ ሁለቱም ቀሩ። ቀጥሎ የመጣው መኮረጅ ነው። ዳላስ በርን ስሙን ቀይሮ ኤፍ ሲ ዳላስ፣ ካንሳስ ሲቲ ዊዛርድስም ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ተባለ። በዩታ ሪያል ሶልት ሌክ ተመሠረተ። “ሪያል” በስፓኝኛ ንጉሣዊ ማለት ነው፤ ለማድሪዱ ክለብ ማዕረጉን የሰጠው የስፔን ንጉሥ ነው። ንጉሥ አልገዛም ብሎ በተመሠረተ አገር ለዩታው ክለብ ማዕረጉን ማን ሰጠው? ማንም። ስሙ ለጆሮ ያምራል፤ ሲወሰድ ግን ታሪኩ አብሮት አልመጣም።

መዋስ በራሱ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። በየስታዲየሙ የሚውለበለበው ስካርፍ ከእንግሊዝ፣ ከበሮው ከላቲን አሜሪካ፣ “ቲፎ” የሚባለው ግዙፍ የደጋፊ ባነር ከነስሙ ከጣልያን የመጣ ነው። ጥያቄው የተዋስነው ነገር እጃችን ላይ ምን ሆነ የሚለው ነው። ፖርትላንድን ተመልከቱ። ከተማዋ በእንጨት ሥራ የኖረች ናት፤ የክለቡ ስምም ቲምበርስ ነው። ጎል በገባ ቁጥር አንድ ሰው በሞተር መጋዝ ከግንድ ላይ ክብ ቁራጭ ይቆርጣል፤ ቁራጩም ከጨዋታው በኋላ ጎል ላስቆጠረው ተጫዋች ይሰጣል። አትላንታ የባቡር መስመር የወለዳት ከተማ ናት፤ በአትላንታ ዩናይትድ ሜዳ ከጨዋታ በፊት ወርቃማ የሐዲድ ሚስማር በመዶሻ ይመታል። እነዚህን ሥርዓቶች ለንደን ውሰዷቸው፤ ትርጉም ያጣሉ። የከተማው ሰው ግን ሳይነገረው ይገባዋል። ጥሩ የደጋፊ ባህል እንደ ጥሩ ግጥም የራሱ አፈር አለው።

ባለ አፈሩ ባህል የተፈተነው ደግሞ በኮሎምበስ ኦሃዮ ነው። በጥቅምት 2017 የኮሎምበስ ክሩ ባለቤት ክለቡን ወደ ኦስቲን ቴክሳስ ሊያዛውር እንደሚችል አስታወቀ። ገዢ ብቻ የሆነ ደጋፊ እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ማልያ ይገዛል። የኮሎምበስ ደጋፊዎች ግን “ክሩን አድኑ” ብለው ተነሡ። ሰልፍ ወጡ፣ የከተማውን ነጋዴዎች ደጅ ጠኑ፣ ጉዳዩን አገር እንዲሰማው አደረጉ። የኦሃዮ ግዛትና ከተማዋም ክለብ እንዳይሰደድ የሚከላከል የቆየ ሕግ ጠቅሰው ፍርድ ቤት ሄዱ። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ትግል በኋላ አዳዲስ ባለቤቶች ክለቡን ተረከቡ፤ ክለቡም ቀረ፤ በ2021 አዲስ ስታዲየም ተከፈተለት። በዚያው ዓመት ክለቡ ስሙን “ኮሎምበስ ኤስ ሲ” ሊያደርግ ሲነሣ ደጋፊው እንደገና ተቆጣ፤ ውሳኔው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻረ። ሰው የደከመበትን ነገር ስም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

እዚህ ላይ ግን ዓይናችንን አንጨፍን። የኮሎምበስ ሰዎች ክለቡን ለማትረፍ ሌላ ባለጠጋ ማግኘት ነበረባቸው። ፍቅሩ የእነርሱ ነበር፤ ሰነዱ ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ሌላም ነቀፋ አለኝ። ይህ ባህል ፍቅሩን ለመግለጥ ብዙ ጊዜ የሚጠላው ሰው ይፈልጋል። በአንዳንድ ስታዲየሞች የተቃራኒ ቡድን በረኛ ኳስ በመታ ቁጥር በአንድ ድምፅ መሳደብ እንደ ወግ ተይዞ ነበር። ኒው ዮርክ ሬድ ቡልስ በ2013 ስድቡን ለሚተዉ የደጋፊ ማኅበራት ገንዘብ እሰጣለሁ እስከ ማለት ደርሷል። ክለቡን መውደድ ብቻውን አንደበትን አልገራም። ሰውን የሚለውጥ ፍቅር ከዚህ እንደሚያልፍ እናንተ ታውቃላችሁ።

ያም ሆኖ ከእነዚህ ደጋፊዎች የምንማረው አለ። ከጎሉ ጀርባ በደጋፊው መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚቆም “ካፖ” የሚባል ሰው አለ። ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዜማ ያስጀምራል። የሚወደውን ጨዋታ አብዛኛውን አያየውም፤ ሥራው ሌላው እንዲዘምር ማድረግ ነው። እኔ ይህን ሰው ሳስብ የእኛ መድረክ ትዝ ይለኛል። ስንት እሑድ ነው መብራቱና ድምፅ ማጉያው ደምቆ፣ መዘምራኑ በአንድ ዓይነት ልብስ አምረው፣ ጉባኤው ግን እጁን አጣጥፎ የሚያይበት? ስንት የኮንፈረንስ ቲሸርት ነው ኮንፈረንሱ ካለፈ በኋላ ከጽሑፉ ሌላ የቀረ ነገር የሌለው? ሐዋርያው ጳውሎስ አማኞችን የአንድ አካል ብልቶች አድርጎ ሲገልጽ በዚያ ሥዕል ውስጥ ለተመልካች ወንበር አልተወም።

አንድ ሰው “ማልያ ገዝቶ የገባ ሰው ነገ ባነር ሊሰፋ ይችላል” ቢለኝ እስማማለሁ። በሜሲ ምክንያት ኳስ የጀመረ ልጅ በዚያው ሊቀር፣ ሊያድግም ይችላል። በኮንሰርት በኩል ቤተ ክርስቲያን የገባም እንዲሁ ነው። በር በር ነው፤ ማንም በገባበት በር አይነቀፍ። ችግሩ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ በሩ ላይ መቆም ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው የኅብረታችሁ ቀን ይህን ተወያዩበት። የእናንተ ኅብረት ዘማሪው ባይመጣ፣ ድምፅ ማጉያው ቢበላሽ፣ አዳራሹም ቢወሰድበት በሚቀጥለው ሳምንት ማን ማን ይመጣል? የእነዚያን ሰዎች ስም በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የራሳችሁን ስም ፈልጉ፤ ከሌለ ደግሞ ቅዳሜ ወንበር ከሚደረድሩት ጋር ጀምሩ።