ራሞንን በብስክሌት፣ ለብቻ

በደቡብ እስራኤል፣ በነገቭ በረሃ ያለው ማክቴሽ ራሞን ውሃ ለዘመናት ሸርሽሮ ያበጀው፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ጓዝን ብስክሌት ላይ አስሮ፣ በተፈቀደው የድንኳን ስፍራ አድሮ መመለስን የሚተካከል ጉዞ አላውቅም።

ድንኳኑ ከመሪው ፊት ይታሰራል፤ ውሃው ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይጫናል፤ ክብደቱ ወደ መሬት ሲቀርብ ብስክሌቱ አይንገዳገድም። አሸዋ ሲመጣ ከጎማው ጥቂት አየር ማስተንፈስ ነው፤ ሰፋ ብሎ ይረግጣል፣ አይሰምጥም። ከጎድጓዳው ወደ ሚጽፔ ራሞን ከተማ የሚያወጣው ጠመዝማዛ አስፋልት ሲጀምር መልሶ መንፋት።

በመኪና ያለፈ ቀለመ ብዙውን ድንጋይ ያያል፤ በፔዳል ያለፈ ግን የእያንዳንዱን ዳገት ልክ በጉልበቱ ያውቀዋል። ሲደክመው ያርፋል፣ ሲያሻው ይነሳል። ውሃውን ለክቶ፣ መንገዱን ለቤተሰብ ነግሮ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነጻነት ነው።