«ካይዘን»፤ ሂደትን አሳይቶ ቁጥርን የሚቆጥር መጽሐፍ

ማሳአኪ ኢማይ በ1986 እ.ኤ.አ. ለንባብ ያበቃው «ካይዘን» የተሰኘው መጽሐፍ፣ በጃፓን ፋብሪካዎች የተለመደውን የማያቋርጥ የአሠራር መሻሻል ለውጭው ዓለም በሰፊው ያስተዋወቀ ነው። ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ሐሳቡ፣ አለቃ ውጤትን ብቻ ሳይሆን ወደ ውጤቱ የሚያደርሰውን ሂደትና ጥረት መመዘን ይገባዋል የሚለው ነው። በተማሪዎቹ የፈተና ነጥብ ብቻ የሚመዘን መምህር ይህን ሲያነብ እፎይ ማለቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ደራሲው የዘዴውን ስኬት ሲያስረዳ፣ የቶዮታ ሠራተኞች በዓመት ያቀረቧቸውን የማሻሻያ ሐሳቦች በሚሊዮን ይቆጥራል። ሂደቱን ተመልከቱ ያለን ሰው ተመልሶ ቁጥር ውስጥ ገባ! ሠራተኛው ምን አስተውሎ፣ ከማን ጋር ተመካክሮ እዚያ ሐሳብ ላይ እንደ ደረሰ ቁጥሩ አይናገርም። እኔም ብሆን ለክፍል ጉብኝት ሄጄ፣ ቅጹን በሚገባ ሞልቼ፣ መምህሩን ሳላነጋግር የወጣሁበት ቀን አለ።

በዚህ ረገድ በጃፓን ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት «ጁግዮ ኬንኪዩ» ከመጽሐፉ ይልቅ ያስተምረናል። መምህራን አንድን ትምህርት በኅብረት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ የተማሪዎቹን አስተሳሰብ እየተከታተሉ ይመዘግባሉ፤ በኋላም ስለ መምህሩ ሳይሆን ስለ ትምህርቱ ይወያያሉ። ለዚህ የሚሆን ሰዓት ከሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ መቀነስ ያለበት ግን መምህሩ ሳይሆን ዕቅድ አውጪው ነው።