ዝም ያለው ወረዳ

በጤና ቅኝት ሥራ ከበሽታው እኩል የሚያስጨንቀኝ መኪናው ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። መኪናው አንድ፣ ወረዳው ብዙ። የሳምንቱ ሪፖርት ሲገባ የሁሉም ዓይን ቁጥር ወደተቆለለበት ይሄዳል፤ መድኃኒቱም አበሉም ይከተለዋል። እኔ አስቀድሜ የማየው ዜሮ የሞላውን ወረዳ ነው።

የልጅነት ልምሻን ቅኝት ውሰዱ። ፖሊዮ በጠፋበት አገር እንኳ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ልጆች ቢያንስ አንዱ በዓመት ውስጥ በሌላ ምክንያት እግሩ ወይም እጁ በድንገት ይዝላል ተብሎ ይጠበቃል። ሕዝብ የበዛበት ዞን ዓመቱን ሙሉ አንድም የዛለ ልጅ አላገኘሁም ካለ፣ አልፈለገም ማለት ነው።

ሙያችን ይህን የተማረው ከፈንጣጣ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ምሥራቅ ናይጄሪያ የነበረው ሐኪም ዊልያም ፌጊ ሕዝቡን በጅምላ የሚከትብበት ክትባት አልነበረውም። ሬዲዮ የነበራቸውን ሚሲዮናውያን በየመንደሩ ሰው ልከው በሽታው የት እንዳለ እንዲያጣሩ ጠየቀ፤ ያለችውን ክትባት ታማሚ በተገኘበትና በዙሪያው አዋላት። ወረርሽኙም ቆመ።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በመንግሥት በኩል ብዙ ጉጉት አልነበረም። የእኛ አገሩ ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ ከመቶ ታማሚ አንድ ሁለት ቢገድል ነው። ወባ ግን ይፈጅ ነበር፤ ሠራተኛውም ገንዘቡም እዚያ ነበር። ያ ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ እኔም በዚያ ወንበር ብቀመጥ አመነታ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በዓመት በመቶዎች ብቻ ይመዘገብ የነበረው ታማሚ፣ ፈላጊ በተሰማራበት በመጀመሪያው ዓመት ከ26,000 አለፈ። በሽታው በአንድ ዓመት ያን ያህል አልተባዛም፤ የሚያየው ሰው ተገኘ እንጂ። የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሪፖርት ፈጥኖ ከሚመጣበት ከተማ ሳይሆን ኦጋዴን በረሃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው።

ዛሬም ወረርሽኝ ፈልጎ ያገኘ ወረዳ በስብሰባ ላይ ሲወቀስ፣ ያልፈለገው ሲመሰገን አያለሁ። ይህ ያንገበግበኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንዴ ከተወቀሰች በሚቀጥለው ሳምንት ዜሮ ብትሞላ ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ ከመኪናው ቀናት የተወሰነው ማንም ላልጠራን ወረዳ ይያዝልኝ እላለሁ። እዚያ ስደርስ የጤና ጣቢያውን የተመላላሽ ታካሚ መዝገብ ገልጬ አያለሁ፤ ቀጥሎ ወጌሻው ዘንድና ጠበሉ ቦታ እሄዳለሁ። እግሩ የዛለ ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደነሱ ነውና ጥያቄዬን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ስልክ ቁጥሬንም ትቼ እመለሳለሁ። ልጅ ከተገኘ ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሰገራ ተወስዶ በበረዶ ሣጥን ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዮ የለም የሚል ነው። ነዳጁ ባከነ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ወጌሻው ደውሎ ሌላ ልጅ የጠቆመ ዕለት ያንን ወረዳ ከዝምተኞቹ ዝርዝር ሰርዤ፣ መኪናውን ለሚቀጥለው እጠይቃለሁ።