ከተንበረከከ በኋላስ?

ይህን ድራማ ሳታዩት አልቀራችሁም። ልጁ ከቤት ይጠፋል፣ ይሰክራል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ክፉው ጓደኛ ጥቁር ለብሶ ይስቃል። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ልጁ ይንበረከካል፤ ኪቦርዱ ከፍ ይላል፤ ሁሉም ይስተካከላል። እንዲህ ያለው ሥራ ሜሎድራማ ይባላል፤ ክፉና ደጉ ገና ሲገቡ ይታወቃሉ፣ እንባውም ከምክንያቱ ይቀድማል።

የአገራችን ቴአትርም በምክርና በምሳሌ ነው የጀመረው። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» መድረክ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ ግን ጸሐፊዎቻችን ወደ ሰው ቤት ገቡ። በመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ የተማረው ሰው ሠራተኛውን ሲያገባ የሚፋጠጠው ከአንድ ሰይጣን ጋር አይደለም፤ ዘር ከሚቆጥር ልማድ ጋር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ«የከርሞ ሰው» የከተማውን ሰው ኑሮ ወደ መድረክ አመጣ። ተመልካቹ ከመፍረድ ይልቅ ራሱን ማየት ጀመረ።

«እኛ ግን የምናስተምረው ወንጌል ነው» ትሉ ይሆናል። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን ከ2ኛ ሳሙኤል 11 እና 12 አንብቡት። በደለኛው ጥቁር የለበሰ ክፉ ሰው አይደለም፤ እግዚአብሔር የቀባው ንጉሥ ነው። ኦርዮ የሞቱን ደብዳቤ በገዛ እጁ ይዞ ይሄዳል። ዳዊት «በድያለሁ» ይላል፣ ይቅርታም ያገኛል፤ ልጁ ግን ይሞታል። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አልደበቀም።

እኛ ግን እንደብቃለን። እሑድ የተንበረከከ ወጣት ሰኞ ጠዋት የጫቱ አምሮት ሲመለስበት፣ በድራማችን ያየው እንዲህ ስላልነበረ፣ «ንስሐዬ ውሸት ነበር» ብሎ ይደመድማል። ከዚያም ዝም ብሎ ይቀራል። አምስት ደቂቃ ያዳንነው ወጣት በአምስት ደቂቃ ይጠፋብናል።

ስለዚህ የጉለሌ የድራማ ቡድኖች፣ ቀጣዩን ድራማ ከመንበርከኩ በኋላ ጀምሩት። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ ተመልሷል። አባቱ ከሸማው ሥራ ላይ ቀና አላለም። የወሰደው ገንዘብ አልተመለሰም፤ እህቱም አላመነችውም። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የሚናገረው ቃል ምንድን ነው? እርሱን ጻፉልን።