ደውሎ ፖስታ መቀበል

በዲያል አፕ ዘመን የትንሽ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ አይውልም ነበር፤ የስልኩ ሒሳብ በደቂቃ ይቆጥራላ! የመጣለት ደብዳቤ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ሞደሙ ጮኾ መስመሩ ሲያዝ፣ ሰርቨሩ «ኢቲአርኤን» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ የዶሜይን ስሙን ይጠራል፤ ወረፋውም ይለቀቃል።

እኔን የሚደንቀኝ የዚህ ትእዛዝ ጥንቃቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኤስኤምቲፒ የተባለው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ «ተርን» የሚባል ትእዛዝ ነበረው፤ በዚያው መስመር ላኪና ተቀባይ ሚና ይለዋወጣሉ። ታዲያ ስም አስመስሎ የመጣ ሁሉ የሰው ደብዳቤ ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር። በ1996 የታተመው ኢቲአርኤን ግን ለጠያቂው እዚያው አያስረክብም፤ አዲስ ግንኙነት ከፍቶ በታወቀው አድራሻ ያደርሳል። አጭበርባሪ ቢጠራም ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ባለቤቱ ነው። በአንዲት መስመር ትእዛዝ ይህን ያህል ብልሃት ብዙም አላየሁም።