ለምድ፣ ጎፈርና እርካብ፦ የ1887ቱን የወላይታ ዘመቻ ፈረሰኞች ከሥዕል ስለ መለየት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ አውስትራሊያዊ ፈረሰኛ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ቢገኝ ልብሱ ማንነቱን ያወጣዋል። ባርኔጣው ሰፊ ነው፤ የግራ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ የኢሙ ላባ ተሰክቶበታል፤ የጥይት ዝናሩ ከትከሻው ወደ ጎኑ ያቋርጣል። ከ1915 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በክንዱ ላይ የተሰፋችው ባለቀለም ጨርቅ ብርጌዱንና ሬጅመንቱን ትለያለች። በፍልስጥኤም ግንባር ጎራዴ ታጥቆ ከታየ ፎቶው የ1918 መሆኑን መገመት ይቻላል፤ በ1917 ቤርሳቤህ ላይ የጋለቡት ሳንጃ በእጃቸው ይዘው ነበርና።

ይህን የአነባበብ ዘዴ ወደ ወላይታ ስናመጣው ወዲያው ይሰናከላል። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ በዘመቱ ጊዜ የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ሠራዊቶቻቸውን ይዘው አብረው ነበሩ። ዛሬ ጉኑኖ ገበያ ቆሞ የዳሞታን ተራራ የሚያይ ሰው ያን ሁሉ ጦር በዚህ ደጋ ላይ በዓይነ ሕሊናው ሊያሰልፈው ይችላል፤ በልብሱ ግን የሸዋውን ከወሎው መለየት አይሆንለትም። ጨርቁ ከአንድ ግምጃ ቤት አልወጣም። ተዋጊው በገዛ ልብሱ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ የደረበው ለምድ፣ ክንዱ ላይ ያጠለቀው ቢተዋ፣ የጋሻው ብር ከጌታው የተሰጠው ሽልማት ነው። እነዚህ የሚናገሩት ስለ ሰውየው ጀብዱና ባለሟልነት ነው። ለጦሩ መጠሪያ የሆነው የጌታው የፈረስ ስም ነበር፤ አባ ዳኘው፣ አባ መላ፣ አባ ነፍሶ እየተባለ ይፎከራል። ይህ ደግሞ በፎቶ አይታይም።

ስለዚህ ዓይናችንን ከልብሱ ወደ ዕቃው ማዞር ይሻላል ባይ ነኝ። እርካቡ ጠባብ ቀለበት ከሆነና የፈረሰኛው አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ከሆነ ነባሩ የባዶ እግር አጋላለብ ነው። ጎራዴውም በቀኝ ጎን ይንጠለጠላል። ይህን የማያውቅ የአውሮፓ መዝገብ አዘጋጅ ፎቶው ተገልብጦ የታተመ ሊመስለው ይችላል፤ «ላቃናው» ብሎ ቢያዞረው ደግሞ ትክክለኛውን ማስረጃ ያበላሻል።

በዘመቻው የተገኘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም መጽሐፉን በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ሥዕሎቹ ውድ ናቸው፤ ግን የተመለከተው ከዘማቹ ሠፈር ሆኖ ነው። የካዎ ጦና ፈረሰኞች በእንዲህ ያለ ምንጭ የሚገኙት ድል ከተመቱ በኋላ፣ ወይም ከሩቅ ነው። ክፍተቱን በዛሬ ልብስ የመሙላት ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጊፋታ በዓል የምናየው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ የወላይታ ሸማኔ ኩራት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በአሮጌ ሥዕል ላይ ፈረሰኛውን ወላይታ ለማሰኘት ጥለት መፈለግ፣ ወይም ጥለት አጣሁ ብሎ «የምኒልክ ወታደር» የሚል መግለጫ መለጠፍ፣ ሁለቱም ያው ስሕተት ናቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀይን ከጥቁር እንኳ በወጉ አይለይም።

በአገራችን ልብስ የክፍል መለያ ወደ መሆን የተሻገረው በክቡር ዘበኛ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. አካባቢ የቤልጂግ መኮንኖች ሲያሠለጥኑት ካኪ ለበሰ፤ ብዙው ወታደር ግን አሁንም ባዶ እግሩን ነበር። ጣሊያን ከአገር ከተባረረ በኋላ የፈረሰኛው ክፍል ለሰልፍ አረንጓዴ ኮት ሲለብስ የአንበሳ ጎፈር በባርኔጣው ዙሪያ ተሰፋለት። አንበሳ የገደለ ወይም ንጉሥ የሸለመው ሰው ብቻ ያጠልቀው የነበረው ጎፈር ለተራ ወታደር በፊርማ የሚታደል ዕቃ ሆነ። እንግዲህ ጎፈር ያየንበትን ፎቶ ዘመን ሳንወስን ስለ ፈረሰኛው ጀግንነት አንዳች ነገር ልንጽፍ አንችልም፤ ዘመኑን ለመወሰን ደግሞ ከራሱ በፊት እግሩን፣ ከእግሩም እርካቡን ማየት አለብን።